«መብራት ሄደ እንዴ?»

ይህ በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ በተደረገ የማኅበረሰብ ስብሰባ ላይ ያቀረብኩት ንግግር ነው። ጥቂት ቦታ ላይ ብቻ አቃንቼዋለሁ።

ጤና ይስጥልኝ! እንደምን ዋላችሁ?

አይ፣ ይሄ ምሳ ያልበላ ሰው ድምፅ ነው። እንደገና። እንደምን ዋላችሁ?

እንደሱ ነው እንጂ!

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፣ ስለጋበዛችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ኮሚቴው ሲደውልልኝ «ሃያ ደቂቃ ብቻ» ነበር ያለኝ። ሃያ ደቂቃ ለእኛ ሰው ሰላምታ እንኳ አይበቃም። ግን ቡናው እየተቆላ ስለሆነ፣ ሁለተኛው ሳይቀዳ እጨርሳለሁ።

ሙዚየም ነው የምሠራው ስል ሰው ሁሉ «አስጎብኚ ነሽ?» ይለኛል። አይደለሁም። የቅርስ ጥገና ክፍል ነኝ። ቀኑን ሙሉ ከአሮጌ ጨርቅና ከአሮጌ ወረቀት ጋር ነው የምውለው። ዛሬ ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ፣ ብርሃን ቀለምን ምን ያደርገዋል? ሁለተኛ፣ አንድ ዕቃ ስንት ብርሃን እንደሚችል ራሱን ዕቃውን እንዴት እንጠይቀዋለን? ሦስተኛ፣ በዚህ አዳራሽ ልንከፍት ላሰብነው ኤግዚቢሽን ምን እናድርግ? በቅደም ተከተል ልሂድ ብዬ ነው የመጣሁት። እንደምታውቁኝ ግን እባዝናለሁ።

ከአንደኛው ልጀምር። ከቤታችን ልጀምር።

አዲስ አበባ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ የአባቴ የምስክር ወረቀት ተሰቅሎ ነበር። መስታወት ባለው ፍሬም፣ ልክ ከመስኮቱ ፊት ለፊት። እንግዳ ሲገባ መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው እሱ ላይ እንዲሆን ሆን ተብሎ ነው እዚያ የተሰቀለው። ጽሑፉ በታይፕ የተመታ ነው። ፊርማው በሰማያዊ ቀለም። ከሥሩ ደግሞ ክብ ሐምራዊ ማኅተም። ያንን ማኅተም ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ያለ እሱ በአገራችን ምን የሚሆን ነገር አለ?

ዓመታት አለፉ። አባቴ ለአንድ ጉዳይ አንድ መሥሪያ ቤት ሄደ። «ኦሪጅናሉን ያምጡ» አሉት። ፍሬሙን አወረድን፣ ወረቀቱን አወጣን፣ ይዞ ሄደ። ጸሐፊው ገልበጥ ገልበጥ አደረገና «አባት፣ ይሄ ማኅተም የለውም» አለው።

«ነበረው» አለ አባቴ።

«ነበረው አይሠራም።»

ማታ እኔ ራሴ አየሁት። በታይፕ የተመታው ፊደል ትናንት የተጻፈ ይመስላል። ፊርማው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳስቷል። ማኅተሙ የለም። ወረቀቱን አዘንብዬ ወደ መብራት ሳስጠጋው የቀለበት ጥላ የመሰለ ነገር ብቻ አየሁ። ግድግዳው ላይ ደግሞ ፍሬሙ የነበረበት ቦታ አራት ማዕዘን ሆኖ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አረንጓዴው ቀለም ከፍሬሙ ጀርባ እንደ አዲስ ነው። ዙሪያው ወይቧል። ግድግዳውም ወረቀቱም እኩል ነው ፀሐይ የበላቸው። ዓይናችን እያየ። በየቀኑ ስለምናየው ማናችንም አላየነውም።

ለምን ታይፑ ቀረ፣ ማኅተሙ ሄደ? የታይፑ ጥቁር ጥቀርሻ ነው። ካርቦን ነው። ካርቦን ብርሃን አያስደነግጠውም። የማኅተሙ ሐምራዊ ግን ፋብሪካ የሠራው ማቅለሚያ ነው። ብርሃን ሲያርፍበት ሞለኪሉ ይሰበራል። ቀለም የሚሰጠው ያ ሞለኪል ነው፤ እሱ ከተሰበረ ቀለም የለም። የቆሸሸ ይታጠባል፣ የተቀደደ ይሰፋል። በብርሃን የተበላ ቀለም ግን አይመለስም። አሁንም እላለሁ፣ አይመለስም። እኔ የቅርስ ጥገና ሰው ነኝ፤ ብዙ ነገር እጠግናለሁ፤ ይሄንን አልጠግንም።

ሽሮ ሜዳ ልብስ የገዛችሁ ይሄን ያለ ኬሚስትሪ ታውቁታላችሁ። በር ላይ የተንጠለጠለውን ቀሚስ ስትጠይቁ ባለሱቁ «እሱ ይቅርብሽ፣ ከውስጥ ላውጣልሽ» አይልም? የበሩ ቀሚስ አንድ ትከሻው ገርጥቷል። ጥበቡ በፀሐይ በኩል ሌላ ቀለም፣ በጥላው በኩል ሌላ ቀለም ነው። ባለሱቁ የላቦራቶሪ ሰው ነው ማለት ነው። አንድ ቀሚስ መሥዋዕት አድርጎ ሌሎቹን ያድናል።

አሁን እዚሁ አጠገባችን ወዳለ ነገር ልውሰዳችሁ። የአሜሪካን የነፃነት ዐዋጅ ሄዳችሁ ያያችሁ አላችሁ? ናሽናል አርካይቭስ፣ የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት? እጃችሁን እስቲ። ጎሽ፣ ብዙ ናችሁ። ታዲያ ምን አነበባችሁ? እውነቱን እንነጋገር፣ ምንም! ጥርት ብሎ የሚነበብ ነገር የለም። የ1776 ፊርማዎቹማ ጥላ ሆነዋል።

ያ ሰነድ ምን ላይ እንደተጻፈ ታውቃላችሁ? ብራና ላይ። እንደ እኛው። ከ1841 እስከ 1876፣ 35 ዓመት ማለት ነው፣ ፓተንት ኦፊስ ሕንፃ ውስጥ ከመስኮት ትይዩ ተሰቅሎ ኖረ። ክፋት አልነበረበትም። ሕዝብ ይየው ተብሎ ነው፤ ልክ እንደ አባቴ ወረቀት። እርግጥ ብርሃን ብቻ አይደለም የጎዳው፤ ከዚያ በፊትም ብዙ ተጠቅልሏል፣ ተዘርግቷል፣ ተነካክቷል። ግን 35 ዓመት የመስኮት ብርሃን ቀላል አይደለም። ዛሬ በአርጎን ጋዝ በተሞላ ሳጥን ውስጥ፣ ደብዘዝ ባለ ክፍል ተቀምጧል። የቀረውን ለማቆየት።

የእኛ ጸሐፊዎች ጥቁሩን ቀለም ከጥቀርሻና ካረረ እህል ነው የሚያዘጋጁት። ካርቦን። ለዚህ ነው የስንት መቶ ዓመት ብራና ጥቁሩ ፊደል እስከ ዛሬ የሚያስደነግጠን። ከዚያ ደግሞ በጨርቅ ተጠቅልሎ ማኅደር ውስጥ ይገባል፣ ማኅደሩ ግድግዳ ላይ ይንጠለጠላል። ጨለማ ውስጥ። ቀዩ ቀለምና ሥዕሉ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ቀይ ከምን ተሠራ? የድንጋይ ነው? የዕፅ ነው? በኋላ ዘመን ከገበያ የተገዛ የፋብሪካ ዱቄት ነው? ዓይቶ መናገር አይቻልም። እኔም አልችልም። እዚህ ላይ ነው ሁለተኛው ነጥቤ የሚመጣው።

ቆይ፣ ከሁለተኛው በፊት አንድ ነገር።

የብርሃን መለኪያው ሉክስ ይባላል። ይቺ እጄ ላይ ያለችው መሣሪያ እሱን ነው የምትለካው። አንድ ሻማ ከአንድ ሜትር ርቀት የሚሰጠው 1 ሉክስ ያህል ነው። ቢሮ ውስጥ ከ300 እስከ 500 ይሆናል። ደጅ፣ የቀትር ፀሐይ ላይ ወደ 100,000። ሙዚየም ውስጥ ጨርቅና ወረቀት የሚታይበት ክፍል ግን 50 ነው።

እናቴ ልትጠይቀኝ አሜሪካ መጥታ ሥራ ቦታዬን ላሳያት ወሰድኳት። የጨርቃ ጨርቁ ክፍል ገባን። ሁለት እርምጃ ሄደችና ቆመች። እጄን ያዝ አድርጋ በጆሮዬ «መብራት ሄደ እንዴ?» አለችኝ። አሜሪካ ድረስ መጥታ!

ሳቅሁ። በኋላ ግን አሰብኩት። ልክ ነች። በ60ዎቹ ያለ ሰው ዓይን ውስጥ የሚገባው ብርሃን ለሃያ ዓመት ወጣት ከሚገባው ሲሶውን ያህል ነው። እኔ ያየሁትን ጥልፍ እሷ አላየችውም። ታዲያ ለማን ነው ያሳየነው?

ይቺ 50 ከየት መጣች? ከሰማይ አልወረደችም። በ1960ዎቹና 70ዎቹ በለንደን ናሽናል ጋለሪ ይሠራ የነበረው ጋሪ ቶምሰን እሷን በማስፋፋት ስሙ ይነሳል። ሐሳቡ ቀላል ነው። ዓይን ቀለምን በደንብ ለመለየት ቢያንስ ይሄን ያህል ይፈልጋል፤ ከዚህ በላይ ቢሆን ቀለሙ ይጎዳል። መሀል ቤት ላይ እንስማማ ነው ነገሩ። ጥሩ ሽምግልና ነበር። ግን ሽምግልና ሁለቱን ወገን መስማት አለበት፤ እዚህ ላይ ዕቃው አልተሰማም። ጨርቅ ሁሉ 50፣ ወረቀት ሁሉ 50። የአንዱ ቀለም ብረት ነው፣ የሌላው ቅቤ ነው። እኩል ተፈረደባቸው።

ሁለተኛው ነጥብ። እሺ፣ ዕቃውን እንጠይቀው።

እንዴት? የምትወዱትን ጥለት ፀሐይ ላይ አስጥታችሁ ይደበዝዝ እንደሆነ ታያላችሁ? ያኔ መልሱን ታገኛላችሁ፤ ጥለቱን ታጣላችሁ። ለብዙ ዘመን ችግሩ ይሄ ነበር። በ1888 እንግሊዝ አገር ራስልና አብኒ የሚባሉ ሰዎች የውኃ ቀለሞችን ፀሐይ ላይ አስቀምጠው የትኛው እንደሚደበዝዝ በሪፖርት አወጡ። ትልቅ ሥራ ነው። ግን የሞከሩት ለሙከራ የተቀባ ናሙና ነው። እኔ ማወቅ የምፈልገው ስለ ናሙና አይደለም፤ ስለዚህች ስለያዝኳት ጥለት ነው።

ወጥ ስትሠሩ ጨው መብቃቱን እንዴት ታውቃላችሁ? ድስቱን ትጠጣላችሁ? በማማሰያው ጫፍ መዳፍ ላይ ጠብ አድርጋችሁ ትልሳላችሁ። በቃ። ይሄ ምርመራም እንደዚያ ነው።

ማይክሮፌዲንግ ይባላል። ፒትስበርግ በሚገኘው ካርኒጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ፖል ዊትሞር ከባልደረቦቹ ጋር የሠራው ነው፤ ሥራው በ1999 ታተመ። ኃይለኛ የዜኖን አምፖል አለ። አልትራቫዮሌቱ፣ ዓይን የማያየው ጨረር ማለት ነው፣ እና ሙቀቱ ይጣራል። የቀረው ብርሃን በቀጭን የመስታወት ክር አልፎ ዕቃው ላይ ያርፋል። የሚያርፍበት ነጥብ ስፋቱ ግማሽ ሚሊሜትር አይሞላም። የመርፌ ጫፍ በሉት። እዚያች ነጥብ ላይ ግን ብርሃኑ በሚሊዮን ሉክስ ይቆጠራል። ከጎን ደግሞ ስፔክትሮሜትር ከነጥቧ የሚመለሰውን ብርሃን እየተከታተለ ይለካል። ቀለሙ ገና ንቅንቅ ሲል፣ ዓይን ሳያየው፣ መሣሪያው ያየዋል። ያኔ ታጠፋዋለህ።

ሒሳቡን እንሥራው። ሙዚየሙ በ50 ሉክስ፣ በቀን 8 ሰዓት፣ በዓመት 300 ቀን ክፍት ነው እንበል። ሉክሱን በሰዓቱ ስናባዛው በዓመት 120,000 ሉክስ-ሰዓት ይሆናል። የእኔ መሣሪያ በ5 ሚሊዮን ሉክስ 10 ደቂቃ ቢያበራ ከ830,000 በላይ ሉክስ-ሰዓት አቃጠለ ማለት ነው። ሰባት ዓመት በአሥር ደቂቃ! በመርፌ ጫፍ ላይ።

ውጤቱን የምናነጻጽረው ከሰማያዊ ሱፍ ጋር ነው። ከ1 እስከ 8 ቁጥር የተሰጣቸው ሰማያዊ የሱፍ ጨርቆች አሉ። ቁጥር 1 ፈሪው ነው፤ ብርሃን ሲያይ ይሸሻል። ቁጥር 8 ጀግናው ነው። አልትራቫዮሌት በሌለበት ቁጥር 1 ዓይን የሚለየው ለውጥ የሚያሳየው በግምት 300,000 ሉክስ-ሰዓት ላይ ነው። ቁጥር 2 አንድ ሚሊዮን ላይ። ቁጥር 3 ሦስት ሚሊዮን ላይ። ቁጥር 4 አሥር ሚሊዮን ላይ።

አሁን እነዚህን አራቱን እዚያ 50 ሉክስ ክፍል ውስጥ አስገቧቸው። አንደኛው በሁለት ዓመት ተኩል ይገረጣል። ሁለተኛው በስምንት ዓመት። ሦስተኛው በ25 ዓመት። አራተኛው ከ80 ዓመት በኋላ። ደንቡ አንድ፣ ክፍሉ አንድ፣ ጨለማው አንድ። ፈሪውን አላዳንነውም። ጀግናውንም በከንቱ አጨለምነው፣ እናቴንም አደናበርናት። ገባችሁ? ሳይለኩ መፍራትም ሳይለኩ መድፈርም ያው ግምት ነው።

ካንቤራ ያለው የአውስትራሊያ ብሔራዊ ሙዚየም ይህን ምርመራ ከመብራት ውሳኔው ጋር በማያያዝ ቀደም ካሉት ነው። ለንደን ያለው ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ደግሞ መለኪያውን በዓመት ቆጥሮታል፤ በ50 ዓመት ውስጥ ዓይን የሚለየው አንድ እርከን ለውጥ ብቻ ይድረስ ብሎ። እርከን ስል፣ ቀለም ከሙሉነቱ ተነሥቶ ጠፋ እስኪባል በግምት 30 እርከን ይወርዳል። ስለዚህ አንድ እርከን ቀልድ አይደለም፣ የዓለም ፍጻሜም አይደለም።

አሁን ወደ እኛ ዕቃ። ኮሚቴው ከሰጠኝ ውስጥ ሦስቱን፣ በባለቤቶቹ ፈቃድ፣ ከሥራ ሰዓት ውጪ መረመርኳቸው።

አንደኛው ይሄ ጠረጴዛው ላይ ያለው ካባ ነው። የወርቅ ክሩ አላሳሰበኝም። ያስፈራኝ ገበሩ ነው። ቀይ ሐር! ቀይ ስሰማ እኔ እደነግጣለሁ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የአሜሪካዊው ሠዓሊ የማርክ ሮትኮ ትልልቅ ሥዕሎች ነበሩ። አምስት ሥዕል። በ1964 አንድ ሕንፃ አናት ላይ ካለ የመመገቢያ አዳራሽ ውስጥ ተሰቀሉ። አዳራሹ ከወለል እስከ ጣሪያ መስታወት ነው። ውጪው ያምራል፤ ሰው ምሳ እየበላ ከተማውን ማየት ይፈልጋል፤ መጋረጃውን ማን ይዘጋል? ሮትኮ የተጠቀመበት ቀይ ሊቶል ሬድ ይባላል። ፈሪ ቀይ ነው። በ1979 ሲያወርዷቸው የደም ቀይ የነበረው አንዳንዱ ቦታ ወደ ሰማያዊ ገርጥቶ ነበር። 15 ዓመት ብቻ! ከዚያ መጋዘን ገቡ። ሥዕሎቹን እንደገና መቀባት አልተፈለገም። በ2014 ምን አደረጉ መሰላችሁ? የጎደለውን ቀለም በፕሮጀክተር፣ በብርሃን፣ ሥዕሉ ላይ ረጩበት። የቆመ ሰው ዋናውን ቀይ ያይ ነበር። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ ፕሮጀክተሩን ሲያጠፉት ቀለሙ ከሰው ፊት ይሄድ ነበር። በብርሃን የጠፋውን በብርሃን!

እንግዲህ ይሄን ተሸክሜ ነው የካባው ቀይ ላይ መብራቱን ያሳረፍኩት። አምስት ደቂቃ። የቀለሙን ለውጥ የሚያሳየው መስመር ስክሪኑ ላይ ተኝቷል። አሥር ደቂቃ። ንቅንቅ አይልም። ከቁጥር 4 ሱፍ በላይ ሆኖ ወጣ። ጀግና! ቀይ ሁሉ አንድ አይደለም ማለት ነው።

ሁለተኛው ነጠላ ነው፤ አረንጓዴ ጥለቱን መረመርኩት። መካከለኛ፣ ቁጥር 2 እና 3 መካከል።

ሦስተኛው ደብዳቤ ነው። ባለቤቷ እዚህ ተቀምጠዋል፤ እንድናገር ፈቅደውልኛል። በ1984 ባላቸው ከካርቱም የላኩላቸው ነው። በምን ተጻፈ? በፍሎማስተር። ሐምራዊ ፍሎማስተር! አርባ ዓመት ሻንጣ ውስጥ ስለኖረ ዛሬም ያበራል። እትዬ አብሬ ካልሆንኩ አሉ። መጡ፣ አጠገቤ ተቀመጡ።

«ልትበሽው ነው?»

«አይ እትዬ፣ ብርሃን ብቻ ነው።»

የመረጥኩት ጽሑፉ መጨረሻ ላይ ያለ ወፍራም ነጥብ ነው። አበራሁት። መስመሩ ወዲያው መውረድ ጀመረ።

«ያ የሚወርደው ምንድን ነው ልጄ?»

«ቀለሙ ሲደክም ነው፣ እትዬ።»

«በቃ አጥፊው! አጥፊው!»

አጠፋሁት። ሁለት ደቂቃ እንኳ አልሞላም። አጉሊ መነጽር ሰጠኋቸውና የተመረመረችውን ነጥብ ፈልጉ አልኳቸው። ወደ መስኮት ሊያስጠጉት ሲሉ «ወደዚያ አይደለም!» ብዬ ጮህኩ። ፈለጉ ፈለጉ፣ አላገኟትም። ውጤቱን ግን አገኘን። ከቁጥር 1 ፈሪው ሱፍ እጥፍ ፈሪ ነው። 150,000 ሉክስ-ሰዓት ላይ ለውጡ ይታያል።

ስለ ምርመራው ጉድለት ሳልናገር ባልፍ ዋሸሁ ማለት ነው። ኃይለኛ ብርሃን ለአጭር ጊዜና ደካማ ብርሃን ለረጅም ጊዜ ሁልጊዜ እኩል አይሠሩም። ስለዚህ ውጤቱ ግምት ነው፤ ወደ ጥንቃቄው እናዘነብላለን። ከዚያ፣ እርጥበትን፣ የአየር ብክለትን አይነግረንም። አንዳንዱ ቀለም ጠባዩ ግራ ነው። ፕሩሺያን ብሉ የሚባለው ሰማያዊ፣ ቅድም «አይመለስም» ካልኩት ለየት ብሎ፣ ብርሃን ላይ ገርጥቶ ጨለማ ሲያገኝ ይመለሳል። የ70ዎቹ ባለቀለም ፎቶ ደግሞ አልበም ውስጥ ተዘግቶም ወደ ቀይ ይሄዳል፤ እሱን ብርሃን ብቻ አይደለም የሚበላው። ሌላም አለ። ቀድሞ የደበዘዘ ነገር ሲመረመር ጠንካራ ሊመስል ይችላል፤ የሚጠፋው ስለጠፋ ነው። ስለዚህ ከእጥፋቱ ውስጥም ከውጪውም እንለካለን።

ሦስተኛው ነጥብ። ቡናው ሸተተኝ፣ እፈጥናለሁ።

ኮሚቴው ስለ ደብዳቤው ሲጠይቀኝ «አይቻልም» እንድል ጠብቆ ነበር። እስቲ እናስላ። ኤግዚቢሽኑ ስድስት ወር ነው። ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ፣ በቀን 6 ሰዓት። ድምሩ 468 ሰዓት። በ50 ሉክስ 23,400 ሉክስ-ሰዓት። ከ150,000 ውስጥ አንድ ስድስተኛ የማይሞላ። ዓይን አያየውም። ይታያል! ደብዳቤው ይታያል፣ እትዬ። ከስድስት ወር በኋላ ግን ወደ ሻንጣው ይመለሳል፤ በቦታው ኮፒው ይቆማል። ነጠላውን 100 ሉክስ ላይ እናድርገው። ካባውን 200 እንሰጠዋለን፤ እናቶች ጥልፉን መነጽር ሳያወጡ እንዲያዩት። ዕጣው እንዲህ ይደልደል።

ግን አንድ ነገር አለ። ይሄ ሁሉ ሒሳብ የመብራቱ ብቻ ነው። ዛሬ ቀትር ላይ እዚያ መስኮት አጠገብ ስለካ 2,400 ሉክስ ነው ያነበብኩት። መስኮቱ ዓርብ እሑድ አይልም፤ ሁልጊዜ ክፍት ነው። አማካዩን 2,000፣ በቀን 10 ሰዓት ብለን እንያዘው። በስድስት ወር ከ3 ሚሊዮን 600 ሺህ በላይ ሉክስ-ሰዓት ይሆናል። የደብዳቤው ለውጥ የሚታይበት 150,000 ሃያ አራት ጊዜ እጥፍ ነው። እኛ አምፖል አሥር ጊዜ ስንቀያይር፣ 50 ነው 60 ነው ስንጨቃጨቅ፣ ደብዳቤው ባዶ ወረቀት ይሆናል። ያ የፀሐይ ብርሃን ደግሞ አልትራቫዮሌቱን ይዞ ነው የሚመጣው፤ ሒሳቤ እሱን አልጨመረም።

ስለዚህ ለአዲስ መብራት የተያዘውን ገንዘብ ለመጋረጃ አውሉት። ወፍራም፣ ድርብ፣ እስከ ወለል የሚደርስ። ደብዳቤው ሳጥን ላይ ደግሞ ጨርቅ እናለብሰዋለን፤ ማየት የፈለገ ገልጦ ያያል፣ አይቶ ይከድናል። መሶብ ገልጦ መክደን ለማናችንም አዲስ አይደለም። መብራቶቹም ሰው ሲገባ ብቻ ይብሩ። በጽዳት ሰዓት ሌላ መብራት ይጠቀሙ።

ቅዳሜ ሌላ ዕቃ የምታመጡ፣ አደራ፣ አትጠቡት፣ አትተኩሱት። በንጹሕ አንሶላ ጠቅልላችሁ አምጡ። ማኅተም ያለበት ወረቀት ያላችሁ ደግሞ መጀመሪያ ስካን አድርጉት። የአባቴን ወረቀት አስታውሱ። እና ግድግዳ ላይ ያለውን ዛሬ ማታ ገብታችሁ ፍሬሙን ትንሽ ገለል አድርጉና ከጀርባው ያለውን ግድግዳ እዩት። ከዚያ ደውሉልኝ።

በሉ፣ ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ። እስከዚያው እዚያ መስኮቱ ጋ የተቀመጣችሁት፣ እባካችሁ ያንን መጋረጃ ሳብ አድርጉልኝ። ፀሐዩ ዞሮ ነጠላው ላይ ሊደርስ ነው።